የኤልኬ-99 ጉዳይ፦ በክፍል ሙቀት ይሠራል የተባለው ሱፐርኮንዳክተር እንዴት ተመረመረ?

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ሐምሌ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. (ጁላይ 22 ቀን 2023) ከደቡብ ኮሪያ የተላኩ ሁለት ጽሑፎች በሌሎች ባለሙያዎች ሳይገመገሙ፣ ተመራማሪዎች ሥራቸውን ከኅትመት በፊት በሚያስቀምጡበት አርካይቭ በተባለው ማኅደር ላይ በሰዓታት ልዩነት ወጡ። የሁለቱም ፍሬ ነገር አንድ ነበር፦ ከእርሳስ፣ ከመዳብ፣ ከፎስፈረስና ከኦክስጅን የተሠራ ኤልኬ-99 የሚባል ጠቆር ያለ ቁስ፣ ያለ ማቀዝቀዣና ያለ ተጨማሪ ግፊት፣ እስከ 127 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሱፐርኮንዳክተር ሆኖ ይቆያል፤ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ ያሳልፋል። ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ባለፉት መቶ ዓመታት በቁስ ፊዚክስ ከተገኙት ግኝቶች ሁሉ ትልቁ ለመባል ይበቃ ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ ግን ጉዳዩ በአብዛኛው ተቋጨ። ቁሱ ሱፐርኮንዳክተር አለመሆኑ ታወቀ፤ ሱፐርኮንዳክተር ያስመሰለው ምን እንደሆነም አብሮ ታወቀ።

ይህን ጉዳይ የምመዘግበው በተለይ ለዚህ የመጨረሻ ነጥብ ስል ነው። በወቅቱ ከተጻፈው አብዛኛው ያተኮረው በተስፋውና በተስፋው መጥፋት ላይ ነበር። ከየትኛውም ተቋም ጋር ሳልያያዝ በተግባራዊ ፊዚክስ ላይ እንደምሠራ ሰው እኔን የሚያስደንቀኝ የምርመራው አካሄድ ነው፤ ምክንያቱም ለውሳኔው ትልቁን ድርሻ ያበረከተው እውቀት ውድ መሣሪያ ከሞላበት ቤተ ሙከራ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ከፊሉ የኬሚካል እኩልታ በወረቀት ላይ ከማመጣጠንና ለአሥርታት የታወቀ የአንድ ማዕድን ጠባይ ከማስታወስ የመጣ ነው። የጉዳዩ ተሳታፊዎች በስማቸው አይጠቀሱም። ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ሱፐርኮንዳክተር ማለት ከተወሰነ የሙቀት መጠን በታች የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ፣ ፈጽሞ የሚጠፋ ቁስ ነው። ይህ ክስተት መጀመሪያ የታየው በ1911 በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ሲሆን፣ ሜርኩሪ ወደ 4.2 ኬልቪን (ኬልቪን ከ273 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ ነው) ማለትም ወደ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ የሚለካ ሬዚስታንስ አልተገኘበትም። በ1933 ደግሞ ሁለተኛው መለያ ተገኘ፦ ሱፐርኮንዳክተር የማግኔት መስክን ከውስጡ አስወጥቶ ይገፋል። ይህ ሁለተኛው ጠባይ ሱፐርኮንዳክተርን ሬዚስታንሱ በጣም አነስተኛ ከሆነ ተራ ብረት ይለየዋል፤ ስለዚህ አንድ ቁስ ሱፐርኮንዳክተር ነው ለማለት ሁለቱም ምልክቶች በአንድ ናሙና ላይ፣ በአንድ የሙቀት መጠን አካባቢ መታየት አለባቸው።

ዛሬ ሱፐርኮንዳክተር በሥራ ላይ ነው። በሆስፒታል የምናያቸው አብዛኞቹ የኤምአርአይ መሣሪያዎች ትልቅ ማግኔታቸው የሚሠራው ከኒዮቢየምና ከቲታኒየም ቅይጥ በተሠራ፣ በፈሳሽ ሂሊየም በሚቀዘቅዝ ሽቦ ነው፤ የመሣሪያው ዋጋና የጥገናው ችግር ከፊሉ ከዚህ ቅዝቃዜ ይመጣል። በ1987 ከይትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ ቁስ በ93 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር መሆኑ ሲረጋገጥ ከሂሊየም በእጅጉ ርካሽ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ለማቀዝቀዣነት በቂ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2023 ድረስ በተራ የአየር ግፊት የተረጋገጠው ከፍተኛ የሙቀት መጠን ከ140 ኬልቪን በታች ነው የቆየው። በ2015 እና በ2019 ከሃይድሮጅን ጋር የተዋሃዱ ቁሶች ከ200 ኬልቪን በላይ መድረሳቸው ቢታይም፣ የሠሩት ከከባቢ አየር ግፊት ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በሚበልጥ ግፊት፣ በሁለት የአልማዝ ጫፎች መካከል ተጨምቀው ነው።

መስኩ በዚያን ሰሞን ቁስልም ነበረበት። በ2020 በታዋቂ መጽሔት የታተመ፣ በከፍተኛ ግፊት በክፍል ሙቀት የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር ተገኘ የሚል ጽሑፍ በ2022 ተሽሮ ነበር። በከፊል ተመሳሳይ ቡድን በማርች 2023 ያሳተመው ሌላ ጽሑፍም ጥርጣሬ ውስጥ ገብቶ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ተሻረ። የኮሪያው ጽሑፍ የወጣው በእነዚህ ሁለት ክስተቶች መካከል ስለሆነ ባለሙያዎቹ ሲቀበሉት ጥርጣሬያቸው ከወትሮው የበረታ ነበር።

የኮሪያው ቡድን ያቀረበው

የቁሱ ስም የተወሰደው ከሁለት ተመራማሪዎች የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ፊደላትና ቁሱን መጀመሪያ አየነው ካሉበት ከ1999 ዓመት ነው። ሁለቱ በኋላ በሴኡል አንድ አነስተኛ የግል የምርምር ድርጅት ውስጥ ሥራውን ቀጠሉ። ከደራሲዎቹ አንዱ እንደተናገረው የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣው ያለ ሌሎቹ ስምምነት ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ የተለየ የደራሲ ዝርዝር ይዞ ተከተለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በሁለቱም ጽሑፎች የጥድፊያው ምልክት በግራፎቹና በመለኪያ ገለጻው ላይ ይታይ ነበር።

የአሠራሩ ቀላልነት ዓለምን ያነቃነቀ ሌላው ምክንያት ነው። በመጀመሪያ የእርሳስ ኦክሳይድና የእርሳስ ሰልፌት ዱቄት እኩል ተደባልቀው በ725 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ይጋገራሉ፤ የሚገኘው ላናርካይት የተባለ ማዕድን ነው። በሁለተኛው ደረጃ የመዳብና የፎስፈረስ ዱቄት አየሩ በወጣለት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ በ550 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ይቆያል፤ የመዳብ ፎስፋይድ ይገኛል። በመጨረሻ ሁለቱ ውጤቶች ተፈጭተውና ተደባልቀው፣ እንደገና አየር በወጣለት ቱቦ ታሽገው፣ በ925 ዲግሪ ከ5 እስከ 20 ሰዓት ይጋገራሉ። ብርቅ ንጥረ ነገር የለበትም፤ ልዩ የግፊት መሣሪያ አይጠይቅም፤ የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ክፍል በሚያገኘው እቶን ይሠራል።

ማስረጃ ተብለው የቀረቡት ምልክቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የናሙናው ሬዚስቲቪቲ (የናሙናው ርዝመትና ውፍረት ሳይገባበት የሚሰላ የቁሱ ሬዚስታንስ) ከ104 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ላይ በድንገት ወደታች ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ናሙናው የማግኔት መስክን የመግፋት ጠባይ ያሳያል። ሦስተኛ፣ በቪዲዮ እንደታየው የሳንቲም ያህል የሆነ ናሙና ከማግኔት በላይ አንድ ጫፉ ተነሥቶ፣ ሌላው ጫፉ ግን ማግኔቱን እንደነካ፣ ተዘንብሎ ይቆማል። በሰዎች ስልክ ላይ የተዘዋወረው ይህ ሦስተኛው ነበር።

ችግሩ

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ቁሱን መሥራትና መለካት ነው። ሆኖም አሠራሩ የሚሰጠው ንጹሕ ቁስ አልነበረም። ከእቶን የሚወጣው የብዙ ውህዶች ድብልቅ ስለሆነ፣ የተለካው ጠባይ የየትኛው ውህድ እንደሆነ ከመለኪያው ብቻ ማወቅ አይቻልም። ከዚህም በላይ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ሠርቼ አላገኘሁም ቢል፣ ትክክለኛውን አሠራር አልጠበቅክም የሚል መልስ ሁልጊዜ ሊሰጠው ይችላል፤ አሥር ቤተ ሙከራዎች ቢሉም እንዲሁ። ያልተሳካ ሙከራ መደራረብ ጥርጣሬን ያበዛል እንጂ ጉዳዩን አይዘጋም።

የሕዝቡ ግፊትም ቀላል አልነበረም። በኮሪያ የአክሲዮን ገበያ ከሱፐርኮንዳክተር ጋር ስማቸው የተያያዘ ድርጅቶች የአክሲዮን ዋጋ በቀናት ውስጥ ተተኮሰ፣ ወዲያውም ወረደ። በየሰዓቱ አዲስ ቪዲዮ ይወጣ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ያላለቀ መረጃ ይዘው እንዲናገሩ ይገፉ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ አሠራሩን መድገም ነበር። በኒው ዴልሂ የሚገኘው የሕንድ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪና በቤይጂንግ የቤይሃንግ ዩኒቨርሲቲ ፈጥነው ከሠሩት መካከል ናቸው፤ ሁለቱም የሱፐርኮንዳክተር ምልክት አላገኙም። ከተቋማት ውጭ ያሉ ሰዎችም ገቡበት፤ አንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ የእቶኑን ሥራ በቀጥታ ሥርጭት ለሕዝብ ያሳይ ነበር። በዚህ አጋጣሚ ማለት የምፈልገው ነገር አለ፦ የእርሳስ ኦክሳይድ ዱቄት በትንፋሽ ወደ ሰውነት የሚገባ መርዝ ነው፤ ታሽጎ የሚጋል ፎስፈረስም ቱቦ ሊያፈነዳ ይችላል። ጭስ ማውጫ ካፕና መከላከያ በሌለበት ቤት ይህን ሥራ መሞከር ምንም ዓይነት ግኝት አያጸድቀውም።

በኦገስት መጀመሪያ ሁለት ዜናዎች ተስፋውን አጋጋሉት። ከቻይና ዉሃን ከተማ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን በማግኔት ላይ የሚነሣ ጥቃቅን ፍንጣሪ በቪዲዮ አሳየ። ከአሜሪካ የሎውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ደግሞ አንዲት የንድፈ ሐሳብ ተመራማሪ በኮምፒውተር ስሌት የቁሱ የኤሌክትሮን ኃይል ደረጃዎች ጠፍጣፋ እንደሚሆኑ አሳየች፤ ይህም በአንዳንድ ሱፐርኮንዳክተሮች ላይ የሚታይ ነገር ነው። ሕዝቡ ይህን ስሌት እንደ ማረጋገጫ ወሰደው። ስሌቱ ግን የተነሣው መዳቡ በክሪስታሉ ውስጥ በአንድ የተወሰነ የእርሳስ ቦታ ላይ ተቀምጧል ከሚል መነሻ ነው፤ ጠፍጣፋ የኃይል ደረጃም ወደ ማግኔትነት ወይም ኤሌክትሪክ ወደማያስተላልፍ ቁስነት ሊያመራ ይችላል። በናንጂንግ የሳውዝኢስት ዩኒቨርሲቲ ቡድንም በ110 ኬልቪን ሬዚስታንሱ ዜሮ ሆነ አለ፤ ይህ የመሣሪያው የመለካት አቅም ከሚያልቅበት ደረጃ በታች ገባ ከማለት ብዙም የሚያልፍ አልነበረም፤ ከክፍል ሙቀትም እጅግ የራቀ ነው።

መዞሪያ የሆኑት ግን ከዚህ በኋላ የመጡት ሦስት ሥራዎች ናቸው፤ ሦስቱም ቁሱ ሱፐርኮንዳክተር ነው ወይስ አይደለም ከሚለው ጥያቄ ይልቅ፣ ይህን ምልክት የሚሰጠው ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ የያዙ ነበሩ።

የመጀመሪያው ስለ ተዘነበለው ናሙና ነው። የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሠሯቸው ቅንጣቶች አንዳንዶቹ በማግኔት ላይ ልክ እንደ ኮሪያው ናሙና ተዘንብለው ቆሙ፤ ሲለኳቸው ግን ደካማ የብረት ዓይነት ማግኔትነት ያላቸው ሆነው ተገኙ። ረዘም ያለ ወይም ቅርጹ ያልተስተካከለ እንዲህ ያለ ቅንጣት በማግኔት መስክ ውስጥ ራሱን በመስኩ አቅጣጫ ለማስተካከል ይዞራል፤ ክብደቱ አንዱን ጫፍ ወደታች ሲይዘው ሌላው ጫፍ ይነሣል። በአሜሪካ አንድ የቀድሞ የሃርቫርድ ፊዚሲስት ግራፋይት ፍርፋሪ ጨምቆ፣ የብረት ብናኝ ለጥፎበት፣ ተመሳሳይ ቪዲዮ ሠርቶ አሳየ። እውነተኛ ሱፐርኮንዳክተር በቪዲዮ ሲታይ ሌላ ነገር ያሳያል፦ ሙሉ በሙሉ ይንሳፈፋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ የማግኔት መስክ መስመሮችን በውስጣቸው ስለሚይዙ ማግኔቱ ቢገለበጥ እንኳ ባሉበት ርቀት ተቆልፈው ይቆያሉ።

ሁለተኛው ስለ ሬዚስቲቪቲው ድንገተኛ መውረድ ነው፤ እኔ የጉዳዩ ልብ የምለውም ይህን ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ አንድ ኬሚስት የ104 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቁጥር ሲያይ ያውቀው ነበር፤ ከብዙ ዓመት በፊት በመዳብ ሰልፋይድ ላይ ሠርቶ ስለነበር፣ ይህ ውህድ በዚያው ሙቀት አካባቢ የክሪስታል አወቃቀሩን እንደሚቀይር ያስታውሳል። ከዚያ ሙቀት በላይ አተሞቹ ባለ ስድስት ጎን ሥርዓት ይይዛሉ፤ ከበታቹ ወደ ሌላ ሥርዓት ይገባሉ፤ በዚህ ጊዜ ሬዚስቲቪቲው በብዙ እጥፍ ይወርዳል።

ታዲያ የመዳብ ሰልፋይዱ ከየት መጣ? መልሱ በአሠራሩ እኩልታ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ላናርካይት ድኝ አለው፤ የመጨረሻው ቁስ ግን ድኝ የለውም። የመዳብ ፎስፋይድም በአንድ የፎስፈረስ አተም ሦስት የመዳብ አተም ይዞ ሲመጣ፣ የሚፈለገው ክሪስታል ለስድስት ፎስፈረስ አንድ መዳብ ብቻ ይወስዳል። እኩልታውን ስናመጣጥነው አንድ የኤልኬ-99 ሞለኪውላዊ ክፍል ለመሥራት 6 የመዳብ ፎስፋይድ ይገባል፤ ከገቡት 18 የመዳብ አተሞች 17ቱ ይተርፋሉ፤ ከ5 ላናርካይትም 5 የድኝ አተሞች ይተርፋሉ። መዳብና ድኝ በአንድ የታሸገ ቱቦ ውስጥ በ925 ዲግሪ አብረው ሲቆዩ የመዳብ ሰልፋይድ መፈጠሩ የሚጠበቅ ነው። የኮሪያው ቡድን ራሱ በናሙናው ውስጥ ይህ ውህድ መኖሩን በኤክስሬይ መለኪያው ጠቅሶ ነበር፤ ውጤቱን ግን ከእርሱ ጋር አላገናኘውም።

በቤይጂንግ የቻይና ሳይንስ አካዳሚ የፊዚክስ ተቋም ይህን በሙከራ ፈተሸው። ሁለት ናሙና ሠሩ፤ አንዱ 5 በመቶ፣ ሌላው ወደ 70 በመቶ የሚጠጋ የመዳብ ሰልፋይድ ነበረው። የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ ሬዚስቲቪቲው ያለ ዝላይ ቀስ እያለ ጨመረ። የሁለተኛው ሬዚስቲቪቲ ግን በ385 ኬልቪን ማለትም በ112 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በድንገት ወረደ፤ መውረዱ ከሺህ እስከ አሥር ሺህ እጥፍ ይደርሳል፤ ዜሮ ግን አልገባም። ከዚህም ጋር አንድ ወሳኝ ምልክት አዩ፦ ናሙናው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ለውጡ የሚታይበት ሙቀት ይለያያል። የማግኔት መስክ በሌለበት የሚካሄድ የሱፐርኮንዳክተር ሽግግር እንዲህ ዓይነት የመዘግየት ልዩነት የለውም፤ የክሪስታል አወቃቀር ለውጥ ግን አለው። ይህ አንድ ምልከታ ብቻውን ስለ ለውጡ ምንነት ብዙ ይናገራል።

ሦስተኛው ሥራ ከጀርመን ሽቱትጋርት ከማክስ ፕላንክ ተቋም መጣ። እዚያ ያሉት ተመራማሪዎች ድኙን ከመነሻው አስወግደው፣ ዱላ መስሎ የተጨመቀውን ቁስ በጠባብ ቀልጦ በሚንቀሳቀስ ክፍል አሳልፈው፣ ያለ ማቅለጫ ዕቃ ንጹሕ ነጠላ ክሪስታል አሳደጉ። ያገኙት ክሪስታል ብርሃን የሚያሳልፍ ሐምራዊ ነበር፤ ሬዚስታንሱም በሚሊዮን ኦም ይቆጠራል። ማለትም ንጹሑ ኤልኬ-99 ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁስ ነው። የማግኔት ጠባዩም ናሙናን ለማንሣት በጭራሽ የሚበቃ አልነበረም። ኦገስት አጋማሽ ላይ ይህ ውጤት ሲወጣ፣ ድብልቁ ውስጥ ከነበሩት ምልክቶች የትኛው የማን እንደሆነ ተለይቶ ታወቀ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የተሳካው ትልቁ ነገር የአሠራሩ ግልጽነት ነው፤ ለዚህም የኮሪያው ቡድን ሊመሰገን ይገባል ብዬ አምናለሁ። የሙቀት መጠኑን፣ ሰዓቱንና የንጥረ ነገሩን መጠን ሳይደብቁ በመጻፋቸው ማንም ሊፈትሸው ቻለ፤ ስሕተቱም የተገኘው በዚሁ ግልጽነት ነው። አሠራሩን በንግድ ምስጢርነት ቢይዙት ኖሮ ክርክሩ ለዓመታት ሊጎተት ይችል ነበር፤ ከዚያ በፊት በመስኩ የተፈጠሩት ሁለት ውዝግቦች ይህን ያሳያሉ።

ያልሠራው ደግሞ ድግግሞሹ ብቻውን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተሠሩት አብዛኞቹ ናሙናዎች አንዳቸው ከሌላው ይለያዩ ነበር፤ ጥቂቶቹ ይነሣሉ፣ ሌሎቹ አይነሡም፤ የአንዳንዱ ሬዚስቲቪቲ ይወርዳል፣ የሌላው ይጨምራል። ይህ ልዩነት ለደጋፊዎች እንደ ተስፋ፣ ለተጠራጣሪዎች እንደ ማስረጃ ሲያገለግል ቆየ። የባዕድ ውህዱ መጠን ከናሙና ናሙና እንደሚለያይ ሲታወቅ ግን ሁሉም ውጤት በአንድ ማብራሪያ ውስጥ ገባ። በእኔ ግምት ጥሩ ማብራሪያ የሚለየው በዚህ ነው፦ ያልተሳኩትን ሙከራዎች ብቻ ሳይሆን የተሳኩ የመሰሉትንም ያስረዳል።

የኮምፒውተር ስሌቱም በዚህ ጉዳይ ለውሳኔ አልረዳም። በፍጥነት መሠራቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የስሌት ውጤት የሚያገለግለው አተሞቹ በእርግጥ የት እንደተቀመጡ ከታወቀ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ይህን የሚያሳይ ንጹሕ ክሪስታል ገና አልነበረም። ስሌቱን የሠራችው ተመራማሪ ማስረጃ ነው አላለችም። ጉዳቱ የመጣው በመካከል ያሉ አንባቢዎች ስሌትን እንደ ልኬት በመቁጠራቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው

በኮሪያ የሱፐርኮንዳክተርና የክራዮጄኒክስ ማኅበር የማጣሪያ ኮሚቴ አቋቁሞ በአገሪቱ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ቁሱን እንዲሠሩ አደረገ፤ በዲሴምበር 2023 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ኤልኬ-99 በክፍል ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለመገኘቱን አስታወቀ። ኮሚቴው ከመነሻው ቡድን ናሙና ጠይቆ አላገኘም። በማርች 2024 በአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ጉባኤ ላይ ከመጀመሪያው ቡድን አባላት አንዱ ድኝ ሆን ተብሎ የገባበት ሌላ ቁስ አቀረበ፤ እርሱም በገለልተኛ ቤተ ሙከራ አልተረጋገጠም።

ለሌላ ሥራ የሚወሰዱ ነጥቦች

ከዚህ ጉዳይ የማወጣቸው ነጥቦች በቁስ ሳይንስ ብቻ የሚወሰኑ አይደሉም። አዲስ ባትሪ፣ አዲስ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ወይም ውኃ የሚያጣራ አዲስ ቁስ ተገኘ ሲባልም ይሠራሉ።

ከሁሉ በፊት እኩልታውን ማመጣጠን ይገባል። የገባው አተም ሁሉ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ የወጣውን ነገር መለካት፣ ስሙን የማናውቀውን ነገር መለካት ነው። ይህ እርሳስና ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ዕለት ማንም ሊሠራው ይችል ነበር። መሣሪያ የሌለው ተመራማሪ ወይም የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ከታላላቅ ቤተ ሙከራዎች እኩል የሚቆምበት ቦታ ካለ ይህ ነው።

ቀጥሎ፣ ዜሮ የሚለው ቃል ሲጻፍ ከምን አንጻር ዜሮ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቁጥር እንየው። ርዝመቱ 1 ሴንቲሜትር፣ የጎን ስፋቱ 0.01 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ ተራ የመዳብ ቁራጭ እንውሰድ። የመዳብ ሬዚስቲቪቲ በክፍል ሙቀት ከአንድ ሚሊዮን 1.7 ኦም-ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ የቁራጩ ሬዚስታንስ 0.00017 ኦም ይሆናል። በውስጡ 10 ሚሊአምፔር ብናሳልፍ በሁለቱ ጫፎች መካከል የምናገኘው ቮልቴጅ 1.7 ማይክሮቮልት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚይዘው መልቲሜትር እስከ 0.1 ሚሊቮልት ብቻ የሚያነብ ቢሆን፣ ይህን መዳብ ዜሮ ብሎ ያነበዋል። ግራፍም እንዲሁ ያሳስታል፦ ከፍተኛ ዋጋው 0.02 ኦም-ሴንቲሜትር በሆነ፣ 10 ሴንቲሜትር ቁመት ባለው ግራፍ ላይ የመዳብ ነጥብ ከዜሮው መስመር በላይ የሚቀመጠው ከ9 ማይክሮሜትር ባነሰ ከፍታ ነው፤ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ግራፍ ሲቀርብ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ በሎጋሪዝም ሚዛን ይሣል፣ የመሣሪያው ዝቅተኛ የማንበብ አቅም በመስመር ይታይ፣ እንዲሁም በዚያው መሣሪያ የተለካ የመዳብ ወይም የወርቅ ናሙና ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ልኬቱ በአራት የመገናኛ ነጥብ መወሰዱንም ማረጋገጥ ያሻል። በሁለት ነጥብ ብቻ ሲለካ የሽቦውና የመገናኛው ሬዚስታንስ ከናሙናው ጋር ይደመራል። አራት ነጥብ ሲሆን ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጅ ያነባሉ። ሆኖም አራት ነጥብም ቢሆን፣ ናሙናው ድብልቅ ከሆነና ኤሌክትሪኩ በአንድ በኩል ብቻ በሚገኝ የመዳብ ጅማት የሚያልፍ ከሆነ፣ የተሳሳተ ዜሮ ወይም ጭራሽ ከዜሮ በታች የሆነ ንባብ ሊሰጥ ይችላል። ነጥቦቹን ቦታ ቀያይሮ ደግሞ መለካት ይህን ያጋልጠዋል፤ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው።

ስለ ቪዲዮ ያለኝ አቋም ጥብቅ ነው። የሚንሳፈፍ ነገር የሚያሳይ ቪዲዮ ቢያንስ ማግኔቱ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን፣ ናሙናው ወደ ሁለቱም የማግኔት ጫፎች ሲቀርብ ይሳብ ወይም ይገፋ እንደሆነ፣ ከለውጥ ሙቀቱ በላይ ሲሞቅ ይወድቅ እንደሆነ ማሳየት አለበት። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ኤልኬ-99 ከ127 ዲግሪ በላይ ሱፐርኮንዳክተርነቱን ያጣል ከተባለ፣ በሞቀ ምጣድ መሳይ ማሞቂያ ላይ አድርጎ ሲወድቅ ማሳየት ቀላል ነበር።

የሽቱትጋርቱ ሥራ የሚያስተምረው ደግሞ ጊዜን ስለ ማውጣት ነው። ሌሎች ድብልቁን ደጋግመው ሲሠሩ እነርሱ ንጹሕ ክሪስታል በማሳደግ ላይ ተጠመዱ፤ በመጨረሻ ውሳኔ ላይ ያደረሰው ውጤት ከእነርሱ መጣ። አዲስ ቁስ ላይ ለሚሠራ ወጣት ተመራማሪ የምመክረው፣ ልኬት ከማብዛቱ በፊት ናሙናውን በማጥራት ላይ እንዲደክም ነው፤ ማጥራት ካልቻለም የባዕድ ውህዱን መጠን ሆን ብሎ እየቀያየረ ምልክቱ አብሮ ይቀየር እንደሆነ ይይ። የቤይጂንጉ ቡድን በ5 እና በ70 በመቶ ያደረገው ይህንኑ ነው።

በመጨረሻ የናሙና ልውውጥ ጉዳይ አለ። የመጀመሪያው ቡድን ያንን ተዘንብሎ የሚቆም ናሙና ቆርሶ በዚያው ሳምንት ለሁለት ገለልተኛ ቤተ ሙከራዎች ልኮ ቢሆን ኖሮ፣ በዓለም ዙሪያ ያ ሁሉ እቶን ሳይለኮስ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሱ ይታወቅ ነበር። አንድ ግራም የማይሞላ ቅንጣት ለማግኔት ልኬትና ለኤክስሬይ ምርመራ ይበቃል። የመጽሔት አዘጋጆችና የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች፣ ናሙና ለመላክ ፈቃደኛ መሆንን ከጽሑፉ ጋር አብሮ የሚቀርብ ግዴታ ቢያደርጉት መልካም ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው፤ በተለይ ቁሱ በተራ ፖስታ ሊላክ የሚችል፣ ቅዝቃዜም ግፊትም የማይፈልግ ጠጣር ሲሆን።